እስትንፋሷን የዋጠችው ገንቦ

ተረት አለኝ።
በሉ፣ “የት አለ?” በሉኝ።
ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል።
በሉ፣ “ይነሣና ይሂድ!” በሉት።
እሺ፣ ይኸው ተነሣ።

በድሮ ዘመን፣ ድንጋይም ዛፍም ዕቃም አንደበት በነበራቸው ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ በታች ትብለጥ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ትብለጥ ቦራ የምትባል ላም ነበረቻት። ዳልቻ የሚባል አህያ ነበራት። ውሪት የምትባል ድመት ነበረቻት። ከሁሉ አብልጣ የምትሳሳላት ግን ለወተት መናጫ ገንቦዋ ነበር።

ገንቦይቱ ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ ቀለሟ እንደ በሰለ ቆሎ ጠይም ነው። ትከሻዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለቻት። ያቺን ቀዳዳ ሸክላ ሠሪዋ ገና ጭቃ ሳለች ወግታ ያወጣችላት ናት። ስትወጋትም እንዲህ አለቻት፦

“ልጄ፣ አፍሽ ለሰው ነው። የሰው ወተት ይገባበታል፣ የሰው ቅቤ ይወጣበታል። ይህቺ ቀዳዳ ግን የራስሽ ናት። በእሷ ተንፍሺ።”

እርጎ ሲናጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያላየ ካለ ልንገረው። እርጎ በገንቦ ተከድኖ ሲናጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይነፋል። ስለዚህ የምትንጠው ሴት የገንቦውን አፍ በቆዳ ጠፍራ፣ ጉዝጓዝ ላይ አጋድማ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለች። ጥቂት ትንጥና የቀዳዳዋን ውታፍ ትነቅላለች። ገንቦዋ “እፍፍፍ” ትላለች። ውታፉ ይመለሳል። ደግሞ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ደግሞ “እፍፍፍ”። በመጨረሻ ቀጭን ስንደዶ በቀዳዳዋ ይገባል፤ ሲወጣ ቅቤ ነክቶት ከወጣ ደርሷል ማለት ነው። ነጭ ገብቶ ቢጫ ይወጣል! እዚያ ጨለማ ውስጥ እጁን አስገብቶ የሚለየው ማን ነው? ስንት ዓመት ሲናጥ ኖሮ ዛሬም ይገርማል።

የትብለጥ ገንቦ ውታፍ ከወይራ የተጠረበ፣ ክር የተጠመጠመበት ትንሽ ሽማግሌ ነበር። አባ ውታፍ ይሉታል። ስንደዶዋ ደግሞ ወገቧ ቀጭን፣ ምላሷ ፈጣን ነበረች። ሦስቱ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ከተራራው ማዶ መልእክት መጣ። ማዶ የተዳረችው የትብለጥ ልጅ እናንዬ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ጎረቤት ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረቻት!” እያለ ወደ ትብለጥ ቤት ገባ። ትብለጥም ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ልታወጣ እየናጠች ነበር። እንግዶቿን እያስተናገደች፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ አደረገችና እንደ ልማዷ ውታፉን ነቀለች።

ያን ቀን እርጎው ሞልቶ ነበር። ገንቦዋ “እፍፍፍ” አላለችም።

“ጵርርርርጥ!” አለች።

እንግዳው ሁሉ ወደ ገንቦዋ ዞረ። ከእንግዶቹ መካከል አያ ሽበሺ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነበር።

“ኧረ ትብለጥ!” አለ አፍንጫውን ይዞ፣ “ይህቺን ገንቦ ምን አብልተሻት ነው? ባቄላ ነው?”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። “በሕግ አምላክ፣ በሩን ክፈቱት!” አለች አንዷ። ትብለጥም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የደስታ ቀን ነውና ሰው መሳቂያ ይፈልጋል። ገንቦዋ ግን ጆሮዎቿ ጋሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ድመቷ ውሪት እየተለሳለሰች መጣች። ውሪት ተርባ ነበር። ትብለጥ ወተቱን ሁሉ ለአራሷ ስታጠራቅም ለድመት ማስቀመጡን ዘንግታ ነበር። ውሪትም በልቧ፣ “ይህቺ ገንቦ ብትፈነዳ ስንት ቀን እልስ ነበር!” ትላለች። በአፏ ግን እንዲህ አለች፦

“እመት ገንቦ፣ ዛሬ አፈርኩልሽ።”

“ምን ላድርግ? ተነፍቼ እኮ ነው።”

“ሁሉም ይነፋል። ጨዋ ግን አይተነፍስም። እስቲ ማድጋዋን እያት። በር ሥር ስትቆም ስንት ዘመኗ ነው፤ ድምጿን የሰማ አለ? ቻይ ማለት እሷ ናት።”

“ማድጋማ የያዘችው ውሃ ነው። ውሃ አይነፋም።”

“ምክንያት አታብዢ!” አለች ውሪት። “ሆድ ይፍጀው በይና ዝም በይ።”

ገንቦዋ አሰበች። የዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ መጣባት። አባ ውታፍንም ጠራችው።

“አባ ውታፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢስብህ እንዳትወጣ።”

“ልጄ፣ እኔ እኮ በር ነኝ እንጂ ግድግዳ አይደለሁም።”

“ግድግዳ ሁን ብዬሃለሁ!”

አባ ውታፍ ሽማግሌ ነው፤ ክርክር አይወድም። ተጣበቀ።

በመጀመሪያው ቀን ትብለጥ ያልጨረሰችውን ልትንጥ መጥታ ውታፉን ሳበችው፤ እንቢ አለ። “ደርቆ ነው፤ ነገ አየዋለሁ” ብላ ለገንፎው ገብስ ወደ መፍጨቷ ሄደች። የገንቦዋ ትከሻ ከበዳት። ቦራ በበሩ ብቅ ብላ፣ “እንዴት ነሽ እኅቴ?” አለቻት። “ደህና፣ ተመስገን” አለች ገንቦዋ።

በሁለተኛው ቀን ትብለጥ ሳበችው፤ እንቢ አለ። “ነገ አየዋለሁ” ብላ ዱቄቱን ወደ መንፋቷ ሄደች። ገንቦዋ እንቅልፍ አጣች። ስንደዶ ቀረብ ብላ፣ “ምነው ፊትሽ ተለወጠ?” ብትላት፣ “አንቺ ሰላላ፣ የራስሽን ወገብ አስተካክይ!” ብላ ጮኸችባት። ስንደዶ አኮረፈች። ቦራም መጣች። “ደህና ነሽ?” “ደህና፣ ተመስገን።” “ደህናማ አትመስዪም” አለች ቦራ፣ “ወተቴ እንኳ ወዳንቺ ሲመጣ ይፈራል።”

በሦስተኛው ቀን ትብለጥ ጨርሶ አልሳበችውም፤ ለመንገድ ትሰናዳ ነበር። ከገንቦዋ ትከሻ ላይ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ተሰማ። የፀጉር ዘለላ የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ውሪት ብቻ ነበረች ያየቻት። ምላሷን በከንፈሯ ዙሪያ አዞረችና፣ “እንዴት ያለሽ ቻይ ነሽ!” አለች። “ሆድ ይፍጀው!”

“እንዴት ነሽ?” አለች ቦራ ለሦስተኛ ጊዜ።

“ደህና፣ ተመስገን” አለች ገንቦዋ ለሦስተኛ ጊዜ።

ማመስገን መልካም ነው፤ ሳያመሰግኑ አይዋልም፣ አይታደርም። ነገር ግን ምስጋናውን መሸሸጊያ ስናደርገው የሚመሰገነውም ጌታ ያዝናል ይመስለኛል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ትብለጥ ተነሣች። ዳልቻን አወጣች። በአንድ ጎኑ የገብስ ዱቄቱን፣ በሌላው ጎኑ ገለባ በሞላው ቅርጫት ገንቦዋን ከነእርጎዋ ጫነች። “ልጄ ቤት ደርሼ እጨርሰዋለሁ” አለች። ስንደዶዋን ከገንቦዋ አንገት ጋር አሰረቻት። ውሪትም ዘልላ ዱቄቱ ላይ ጉብ አለች።

“አንቺ ደግሞ ወዴት?” አላት ዳልቻ።

“አራስ ልጠይቅ ነዋ!” አለች ውሪት።

መንገዱ ዳገት ነበር። ዳልቻ በተራመደ ቁጥር እርጎው ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። በሄዱ ቁጥር ገንቦዋ ይበልጥ ትነፋለች። ይህ መንገድ እስኪያልቅ ትችል ይሆን? እሷም አታውቅም። የአራሷ ቅቤ በሆዷ ነው፤ እሷ ከፈነዳች ቅቤውም የለም፣ እሷም የለችም።

አንድ ሜዳ ላይ ደረሱ። ትብለጥ ዳልቻን ልታሳርፈው ጭነቱን አወረደች። ዳልቻ ወዲያው ትቢያው ላይ ተኛ። በጀርባው ተንከባለለ። በቀኝ ተንከባለለ፣ በግራ ተንከባለለ። ተነሥቶ ተራገፈና አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ “ሂሃ! ሂሃ! ሂሃ!” ሲል ተራራው መለሰለት።

“አታፍርም እንዴ?” አለችው ገንቦዋ።

“በምን?”

“መንገደኛ እያየህ ተንከባልለህ፣ እንዲህ ጮኸህ!”

“እመት ገንቦ” አለ ዳልቻ ትቢያውን ከሽፋሽፍቱ እያራገፈ፣ “ሸክሙ የሰው ነው፣ ጀርባው ግን የኔ ነው። ባወረድኩ ቁጥር ካልተንከባለልኩ ነገ የሚጫንበት ጀርባ አይኖረኝም። የሳቀብኝ ይሳቅ። የሚስቅብኝ ሁሉ ተሸክሞልኝ አያውቅም።”

“አህያ ምን ያሳፍረዋል” አለች ውሪት በገንቦዋ ጆሮ። ገንቦዋም፣ “እውነት ነው፣ አህያ ነው” አለች። ዋጠች። ዝም አለች።

ደግሞ ሄዱ። ጫካ ገቡ። ዛፉ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ጢማቸው የተንዠረገገ ግራሮችና ጽዶች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሰው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከአንድ ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ከቀፎው ደጅ “ዝዝዝዝዝ” የሚል ድምፅ ይሰማል። ንቦቹ ግን አይበሩም። ደጁ ላይ ተሰልፈው ቆመው ክንፋቸውን ያራግባሉ።

“ቆመው የሚያራግቡት ለምንድን ነው?” አለች ገንቦዋ።

“ሙቀቴን እያወጡልኝ ነው” አለ ቀፎው። ድምፁ ወፍራምና ጣፋጭ ነበር። “እኔ ሆዴ ውስጥ ስንት ሺህ ነፍስ አለ። በቀትር እንጋላለን። ልጆቼ በተራ በተራ ደጅ ይቆሙና የጋለውን አየር ወደ ውጭ ያራግባሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። አንድ ቀን ቢተዉት ሰሙ ይቀልጣል። ሰሙ ከቀለጠ የገዛ ማራችን ያሰጥመናል።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ። ትናንት ያራገቡት ለዛሬ አይሆንም።”

ገንቦዋ አዳመጠች። ከጥፍር የማይበልጡ ፍጥረቶች ናቸው፤ ማን አስተማራቸው? ትብለጥም ቆማ ታዳምጥ ነበር፤ “አቤት ሥራህ!” አለች በለሆሳስ። ገንቦዋ “እንግዲያውስ እኔም…” ልትል ስትል ውሪት ጣልቃ ገባች።

“እነሱ ብዙ ናቸው። አንቺ ብቻሽን ነሽ። ማን ያራግብልሻል? ሆድ ይፍጀው!”

ገንቦዋ ዋጠች። ዝም አለች። ስንጥቋ ወደ ታች አንድ ጣት ወረደች።

ደግሞ ሄዱ። ዳገቱ አለቀ። ከተራራው ትከሻ ላይ ሲወጡ ዳልቻ ሳያዙት ቆመ።

ከእግራቸው ሥር ሐይቅ ነበር። እንደ ሰፌድ ክብ ነው፤ ዳርቻው በገደል ተከብቧል። ውሃው ሰማያዊ ነው ብል አይበቃም፤ ሰማዩ ቁልቁል ወርዶ ያረፈ ይመስላል። ደመና በላይ ያልፋል፣ ደመና በታች ያልፋል። ከገደሉ እስከ ገደሉ አንድ ነጭ ወፍ ስትበር፣ እስክትደርስ ድረስ አንድ ጸሎት ተደግሞ ያልቃል። ትብለጥ አማተበች። ዳልቻ ጆሮውን አቆመ። ውሪት እንኳ ከንፈሯን መላሱን ተወች።

ያኔ ተራራው ተናገረ። የተራራ ድምፅ በጆሮ አይሰማም፣ ልጆቼ፤ በእግር ነው የሚሰማው።

“እኅቴን አያችኋት?” አለ።

“የታለች?” አለች ገንቦዋ እየተንቀጠቀጠች።

“እያየሻት ነው።”

“ሐይቅ እንዴት የተራራ እኅት ይሆናል?”

“ሐይቅ አልነበረችም” አለ ተራራው። “ከእኔ የምትረዝም ተራራ ነበረች። ደመና ወገቧ ላይ ያርፍ ነበር። በሆዷ እሳት ነበረ። በእኔም ሆድ አለ፤ ሲፈጥረን እንዲሁ ፈጠረን። እኔ እግሬ ሥር ትንሽ ሰነጠቅሁና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንፋሎት አወጣሁ። ያንን ፍል ውሃ ታዪዋለሽ? እሱ ነው። እሷ ግን፣ ‘ይህን የሚያህል ግርማ ይዤ እንደ ድስት ልንተክተክ?’ አለች። ሺህ ዓመት ዝም አለች። ያያት ሁሉ ‘እንዴት ያለች ጸጥተኛ ናት!’ ይላታል። አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ…”

“ከቀትር በኋላ ምን?”

ከተራራው ጫፍ ጥቂት ጠጠር ወደ ሐይቁ ተንከባለለ።

“ሦስት ቀን ጨለመ” አለ በመጨረሻ። “ሲነጋ ከጎኔ አልነበረችም።”

ነፋሱ በሐይቁ ላይ አለፈ። ውሃው ተሸበሸበና ተስተካከለ።

“ግን ውብ ናት” አለች ገንቦዋ።

“ውብ ናት። እግዚአብሔር ስብራቷን አልጣለውም፤ ውሃ ሞላው፣ ወፍ አሰፈረበት። እሱ የተሰበረ ገልም አይጥልም። እኔ ግን እኅቴ ትናፍቀኛለች።”

ገንቦዋ ወደ ውታፏ ዞረች። “አባ ውታፍ!” አለች፣ “አባ ውታፍ፣ ውጣ! ልተንፍስ!”

“ልጄ፣ አልችልም” አለ አባ ውታፍ። “ግድግዳ ሁን አልሺኝ፤ ሦስት ቀን ሆንኩ። አሁን ደረቅሁ። ከውጭ ካልሳቡኝ አልወጣም።”

“ቀጭጭ” አለ ትከሻዋ።

“ዝም በይ፣ ዝም በይ” አለች ውሪት ቶሎ ቶሎ። “ቁልቁለቱ ብቻ እኮ ነው የቀረሽ። አንዲት ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ…”

ገንቦዋ ዞር ብላ አየቻት። የውሪት ዓይን ስንጥቋ ላይ ነበር። ምላሷ ከንፈሯን ይዞራል። ገንቦዋ ያኔ ገባት።

“ለእሜቴ ለትብለጥ ንገሪያት” አላት ዳልቻ ቀስ ብሎ። “እኔ ብነግራት ያናፋሁ ይመስላታል።”

መናገር ግን ቀላል መሰላችሁ? ገንቦዋ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከረች።

“እሜቴ…”

“ወይ” አለች ትብለጥ።

“ዛሬ… ፀሐዩ ከረረ።”

“አዎ፣ ከረረ” አለች ትብለጥ፤ መንገዷን ቀጠለች።

ስንጥቋ ሌላ ጣት ወረደች። ገንቦዋ ዓይኗን ጨፈነች።

“እሜቴ፣ ከብዶኛል” አለች። “ብቻዬን አልችለውም።”

ትብለጥ ቆመች። መጣችና ገለባውን ገለጥ አደረገች። ስንጥቋን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ሳቁብኝ፣ እሜቴ።”

“ማን? ሽበሺ? የሽበሺን ነገር ልብ ብለሽው ነው! እሱ እኮ ለቅሶ ቤትም ይቀልዳል።” ቀጥሎ ድምጿ ዝቅ አለ። “እኔም ሳቅሁ፤ ይቅር በዪኝ። ውታፉ እንቢ ሲለኝም ‘ነገ፣ ነገ’ አልኩ። የኔም ጥፋት አለበት።”

ገንቦዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ተራራው እግር ወረደች። ፍል ውሃው ከድንጋይ መካከል እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። የነጠላዋን ጫፍ ነክራ የአባ ውታፍን ራስ ሸፈነችው። ጠበቀችና ሳበችው፤ እንቢ አለ። ደግማ ነክራ ሸፈነችው፤ ሳበችው፤ እንቢ አለ። ሦስተኛ ነክራ በሙሉ ጉልበቷ ልትስበው ስትል፣ “ተይው!” አለች አኩርፋ የነበረችው ስንደዶ። “እሱ ባንዴ ከተነቀለ፣ ወይም የአፏ ጠፍር ባንዴ ከተፈታ፣ ትከሻዋ አብሮ ይሄዳል። እኔ በጎኑ ልግባ።”

ገንቦዋ አቀረቀረች። “ስንደዶ፣ እኔ እኮ ሰድቤሽ…”

“አልረሳሁትም” አለች ስንደዶ። “ስትድኚ እንጣላለን።”

በረጠበው ክር ጎን ቀጭን ወገቧን አሾለከች። ለዚያች ጠባብ መንገድ ከእሷ ሌላ የሚበቃ አልነበረም።

“ስ…” አለ ትንፋሹ።

“ስስስ…”

“ስስስስስስስ…”

ጥቂት በጥቂት ወጣ። የሦስት ቀን ሳቅ፣ የሦስት ቀን እፍረት፣ የሦስት ቀን “ደህና ነኝ” ወጣ። ትብለጥ ትንፋሿን ይዛ ቆመች።  ከገንቦዋ የወጣው ነጭ ትንፋሽ ከተራራው እንፋሎት ጋር ተቀላቀለ፤ የትኛው የገንቦ፣ የትኛው የተራራ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ተራራን የሚያህል ነገርና የእቅፍ ሙሉ ሸክላ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ትንፋሽ ይተነፍሳሉ! ትብለጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ አባ ውታፍ ራሱ ለቀቀ፤ “እፍፍፍፍፍ!”

ትብለጥ እዚያው ገንቦዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። ውታፉን መልሳ በዝግታ ናጠች፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ አስተነፈሰቻት። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ አስተነፈሰቻት። ግለቱ ሲወጣለት፣ ሦስት ቀን እንቢ ያለው ቅቤ መሰብሰብ ጀመረ። ስንደዶ ገብታ ወጣች። ወገቧ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቢጫ ቅንጣቶች ነበሩ። ትብለጥ ወደ ፀሐይ አንሥታ አየቻቸው፤ አበሩ።

“ፈነዳች?” አለች ውሪት ከድንጋይ ጀርባ።

“አልፈነዳችም” አለች ስንደዶ።

ውሪት ጅራቷን አጥፋ ተቀመጠች። ትብለጥ አየቻት። የጎን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

“አንቺ ደግሞ ርቦሽ ነው እንዴ? ምነው ብትነግሪኝ?” ብላ ከአሬራው በድንጋይ ጎድጓዳ ቀዳችላት። ውሪት ቀና ብላ ሳታይ ላሰችው። ድመት ስታፍር አይታችሁ አታውቁም፤ እሷ ግን ያን ቀን አፈረች።

ገና ሳይመሽ እናንዬ ቤት ደረሱ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እናንዬ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የገባው ሁሉ፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ!” ይላታል። “ማርያም ታኑርልኝ” ትላለች። “ደህና ነሽ?” ሲሏት “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” ትላለች፤ ፈገግም ትላለች። ትብለጥ ልጇን ስማ፣ የልጅ ልጇን ስማ፣ ገንቦዋን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጣ ቅቤውን አውጥታ ልታጥብ ወጣች። እንግዶቹም አንድ በአንድ ሄዱ።

ገንቦዋ የእናንዬን ትከሻ አየች። እንደ ሸክላ የደረቀ ትከሻ ነው። አወቀችው።

“እናንዬ” አለች፣ “ይህን መስመር ታዪዋለሽ?”

እናንዬ ጎንበስ ብላ ስንጥቁን በጣቷ ነካችው። “ምንድን ነው?”

“ሦስት ቀን ‘ደህና ነኝ’ ያልኩበት ነው።”

እናንዬ ጣቷን ከስንጥቁ ላይ አላነሣችም።  “ልጄን እወደዋለሁ” አለች። “ግን ሳየው እፈራለሁ። ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሁሉም ደስ ይበልሽ ይለኛል፤ ደስታው የት እንደገባ አላውቅም። ይህን ለማን ይነግሩታል?”

“ለእኔ አይደለም” አለች ገንቦዋ። “እኔ ገንቦ ነኝ። ለእናትሽ ንገሪያት።”

ትብለጥ የታጠበውን ቅቤ በእጇ ይዛ ገባች።

“እማዬ” አለች እናንዬ።

“ወይ ልጄ።”

“ከብዶኛል።”

በትብለጥ ከንፈር ላይ አንድ ቃል መጣ። የገዛ እናቷ በአራስነቷ የነገረቻት ቃል ነው፤ የእናቷም እናት የነገረቻት ነው፤ “ቻይው ልጄ፣ ሁላችንም ችለነዋል” የሚል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆመ። ትብለጥ አላወጣችውም። ቅቤውን አስቀመጠች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

“ንገሪኝ” አለች።

እናንዬ ነገረቻት። በበሩ የገባው ፀሐይ ከወለሉ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ እስኪወጣ ነገረቻት። ትብለጥ አልመከረችም፤ አልተቆጣችም። እጇን ይዛ አዳመጠች። ልጅቱ ስታበቃ እንዲህ አለቻት፦

“ልጁን ለኔ ስጪኝ። አንቺ ተኚ። ስትነሺ ገንፎ ትበያለሽ። ነገም ትነግሪኛለሽ፣ ከነገ ወዲያም ትነግሪኛለሽ። ካልቀለለሽ ደግሞ፣ ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው አለ፤ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ። እስከዚያ ከዚህ ቤት አልወጣም።”

እናንዬ ጋደም አለች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ትብለጥ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀመጠች። የልጇን ትንፋሽ ሰማች። የሕፃኑንም ትንፋሽ ሰማች፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላሉ። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይቆጥርላቸው። ፈጣሪ ሰውን ከጭቃ ሠርቶ እፍ ባለበት ጊዜ የሰጠው ይህንን ነበር። ትብለጥ ይህንን ስታስብ መንቀሳቀስ ፈራች፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለች መሰላት።

ተረቴ እስከዚህ ነው፣ ልጆቼ። የከበዳችሁን ቀን ሳይጠራቀም ለሚወዳችሁ ሰው ንገሩ፤ ሌላው ሲነግራችሁም ዝም ብላችሁ ስሙት። ሁላችንም ጭቃ ነን።

በየዕለቱ የተነፈሰ ገንቦ፣ ባንድ ቀን ገል አይሆንም።